ከበርበሬ በረንዳ ለሠላሳ ሺህ ሰው

ወንጀል ሲባል ደም፣ የተሰበረ ቁልፍ ወይም የጠፋ ዕቃ ለሚጠብቅ ሰው፣ ማክሰኞ ጠዋት በርበሬ በረንዳ ላይ የተገኘው ወንጀል ወንጀልም አይመስለውም። የሞተ የለም፤ የተሰረቀ የለም። ያለው በሩ ላይ ጆንያ የተቆለለበት አንድ ሱቅና ሱቁን ከብቦ የሚጮህ ነጋዴ ነው። ኢንስፔክተር የሻሽወርቅ ከመኪና ስትወርድ ሰዉ ገለል አለላት። ረዳቷ ሳጅን ቶማስ ግን ገና በሩን ሲከፍት ማስነጠስ ጀመረ። አዲስ ከተማ ከተመደበ ወዲህ በርበሬ የሸተተው ቦታ ሁሉ እንዲህ ያደርገዋል፤ ባልደረቦቹም መሳቂያ አድርገውታል።

«ማን ነው ይሄን ጆንያ እዚህ የቆለለው?» አለች የሻሽወርቅ።

«እኔ ነኝ» አለ የጎን ሱቅ ባለቤት ፉርቃን። ረጅም፣ ችኩል፣ አባቱ የተወለትን የበርበሬ ንግድ የያዘ ጎልማሳ ነው። «አልሸሽግም፣ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ይሄን ያንብቡ፣ ከዚያ ከፈለጉ ይውሰዱኝ።»

ስልኩን ሰጣት። ኢሜይሉ የተላከው ሰኞ ጠዋት ገበያው ሲከፈት፣ «መቅደስ ቅመማ ቅመም» ከሚል አድራሻ ነው። ጽሑፉ አጭር ነበር፦ «የሌላው ለግድግዳ፣ የእኛ ለወጥ! ሸክላ አትብሉ! የበርበሬ በረንዳ ንጹሕ በርበሬ እኛ ጋ ብቻ!»

የሻሽወርቅ ሳቋ መጣ። የፉርቃንን ፊት ስታይ ዋጠችው።

«ለስንት ሰው ደረሰ?»

«ለማን ያልደረሰ አለ? ሠላሳ ሺህ ሰው ነው ይላሉ። ሀዋሳ ያለ ደንበኛዬ ደውሎ፣ "እስከ ዛሬ ሸክላ ነው ያበላኸኝ?" አለኝ። ወላሂ፣ አባቴ የሠራውን ስም ይቺ መቅደስ በአንድ ጠዋት አፈር አበላችው። ወይ ትከሰስ፣ ወይ ይሄን ሱቅ ትልቀቅ።»

ቶማስ አፍንጫውን እየጠረገ ወደ አለቃው ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ቀልድ አይደለም። ሰው ሳይፈቅድ በጅምላ ማስታወቂያ መላክ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ያስቀጣል።»

«አውቃለሁ» አለች የሻሽወርቅ። ብታውቅም እንዲህ ያለ ፋይል ከፍታ አታውቅም። ሰው በጩቤ ሲወጋ፣ በሐሰት ካርታ ቤቱን ሲቀማ አይታለች፤ በኢሜይል ቆሰልኩ ብሎ ሲያመለክት ግን ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

ጆንያው ተነሥቶ በሩ ሲከፈት መቅደስ ወልደሚካኤል ውስጥ ነበረች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ወጣት ናት። ሱቁ የአጎቷ የጋሽ ኪዳነወልድ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ከፊት በኪሎ ይሸጣሉ፣ እሷ ከኋላ ባለች ጠባብ ጥግ በኢንተርኔት የታዘዘውን በርበሬና ሽሮ እያሸገች አገር ውስጥና ውጭ አገር ትልካለች። ሽማግሌው የሉም፤ ሰኞ ረፋድ ላይ ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄደዋል።

«አካውንቴን ሰብረው ገብተው ነው!» አለች መቅደስ ገና ሳትጠየቅ። «ኢሜይል የሚያስተላልፍልኝ ድርጅት ዛሬ ጠዋት ዘጋኝ። ሰዎች ስፓም፣ ያልፈለግነውን ማስታወቂያ ላከች ብለው ከሰሱኝ አለ። መልዕክቱን እንኳ አላየሁትም። ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ ሽሮ ያዘዘኝ ሰው ብዛቱ! ዕቃቸው መነሣቱን ልነግራቸው አልቻልኩም።»

«አንቺ ለሰው እንዴት ነው የምትልኪው?»

«ደንበኛው ራሱ "ላኪልኝ" ካላለኝ አልልክም። ከታች ስሜ፣ የሱቁ አድራሻ፣ ስልኬ አለ። አልፈልግም ያለ ሰው አንድ ቦታ ይጫናል፣ ይቀርለታል። ሕጉ የሚለው ይሄን ነው፤ ድርጅቶቹም ከዚህ ከወጡ አይምሩዎትም። አንድ ጊዜ ስፓም ከተባልኩ ለገዛ ደንበኛዬ የምጽፈው ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው የሚገባው። በቃ፣ ሱቄ አለቀለት ማለት ነው።»

«ሕጉን እንዲህ የምታውቂ ከሆነ ይሄ ከየት መጣ?» የሻሽወርቅ የፉርቃንን ስልክ ዘረጋችላት።

መቅደስ አነበበች። ድጋሚ አነበበች። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ እንደ ውሃ ወረደ። ስልኩን ቀስ ብላ መለሰችና ሻሿን አስተካከለች።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች።

«አሁን ሰብረው ገቡ አላልሽም?»

«ፈርቼ ነው። አድራሻው የኔ ነው፣ ላፕቶፑ የኔ ነው። ይጻፉ፣ እኔ ነኝ።»

የሻሽወርቅ ብዙ ሰው ሲያምን አይታለች። ያደረገ ሰው ሲያምን ምክንያት ይደረድራል፣ ሌላውን ይወቅሳል። ይቺ ልጅ ግን የሌላ ሰው ሸክም ልታነሣ የጎነበሰች ትመስላለች። ቃሏን ተቀብላ ላፕቶፑን ያዘች። «ፋይሉን ነገ ከሰዓት ለዐቃቤ ሕግ አስተላልፋለሁ። እስከዚያ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ስልኬ ይኸው» ብላት ወጣች።

ቶማስ ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ሳያንኳኳ ገባ።

«እትዬ፣ ልጅቷ ዋሽታለች።»

«ምኑን?»

«እኔ ነኝ ማለቷን። ሰኞ ጠዋት መልዕክቱ ሲላክ ቦሌ ካርጎ ጥቅል ስታስረክብ ነበር። የተቀበሏት ሠራተኞች ያውቋታል፤ ካሜራውም ላይ አለች። ላፕቶፕ አልያዘችም። ደግሞ መልዕክቱ ከታች "አልፈልግም" የሚባልበት ቦታ የለውም። የሷ ፕሮግራም ያንን ሳይጨምር አይልክም። ሌላ ሰው ላፕቶፑን ይዞ በራሱ መንገድ ነው የላከው።»

«ከየት እንደተላከ አይታወቅም?»

«ጠይቀናል። መልሱ ቢፈጥን ወር ነው።»

የሻሽወርቅ ተነሥታ ጃኬቷን ለበሰች። ከወንጀል ነፃ የሚያወጣትን ነገር በእጇ ይዛ የምትደብቅ ሰው ከሌባም በላይ ታበሳጫታለች።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ፉርቃን ነው። ጠላት ቢባል ከሱ የቀረበ የለም፤ ሱቁ ከመቅደስ ጋር አንድ ግድግዳ ነው የሚጋራው። ሰኞ ጠዋት የት እንደነበር ስትጠይቀው ዐይኑ ፈጠጠ።

«እኔ? የራሴን በርበሬ ሸክላ ብዬ ለሠላሳ ሺህ ሰው ልናገር? ጤነኛ አልመስልም እንዴ?»

«ሰው ጎረቤቱን ለማስነሣት ብዙ ያደርጋል።»

«ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ሰላሁዲንን ይጠይቁት፤ በወረፋ ተጣልተን ሰው ነው የገላገለን።»

ባለወፍጮው ሰላሁዲን ተጠየቀ። ጠቡን ከነስድቡ ተረከው። ፉርቃን ከጥርጣሬ ወጣ፤ ሲወጣ ግን አንድ ነገር ጣል አደረገ። «ኢሜይል በጅምላ የሚልክ አብነት አካባቢ አለ፣ ሙሉብርሃን ይባላል። "የብዙ ሺህ ሰው አድራሻ በፍላሽ አለኝ፣ ልላክልህ" ብሎ እኔንም ለምኖኛል። የመቅደስን ድረ ገጽ የሠራው እሱ ነበር። ያንን አድራሻ አልነካም ስትለው ተጣሉ።»

የሙሉብርሃን ኮምፒውተር ቤት አብነት መንገድ ዳር ካለ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ የፀዳ፣ መስኮቱ የተዘጋ፣ ሽቶ የተረጨበት ነው። የሻሽወርቅ ገና ሰላምታ ሳትጨርስ ቶማስ አስነጠሰ። ይቅርታ ብሎ ሊናገር ሲል ደገመው።

አለቃው ሳቀችበት። ቀጥሎ ሳቋን አቁማ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ጣቷን በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ሰድዳ ስታወጣው በበርበሬ ብናኝ ቀልቷል።

«ላፕቶፕ ነው የምትጠግነው ወይስ በርበሬ ትነግዳለህ?»

«ደንበኞቼ የመርካቶ ሰዎች ናቸው» አለ ሙሉብርሃን ፈገግ ብሎ። ጺሙን አሳምሮ የተቆረጠ፣ ንግግሩ የማይደናቀፍ ሰው ነው። «በልብሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፣ ምን ላድርግ።»

«ሰኞ ጠዋት ማን መጣ?»

«ሰኞ ጠዋት እኔም አልነበርኩም። ምን አለሽ ተራ ነበርኩ። አስናቀው የሚባል ብረት ሠሪ ወዳጄ ነው። ገና ሱቁን ሲከፍት ደርሼ መሰርሰሪያ አዋሰኝ። ይሄን መደርደሪያ የሰቀልኩት በሱ ነው።»

መደርደሪያው እውነትም አዲስ ነው። የሻሽወርቅ አመስግና ወጣች።

ምን አለሽ ተራ መዶሻው ስለሚያደነቁር ጥያቄዋን በጩኸት ነበር የጠየቀችው። አስናቀው የቆርቆሮ ምድጃ እየቀጠቀጠ ሰማትና መዶሻውን አስቀመጠ።

«መሰርሰሪያ? አዎ፣ ወስዷል። ሰኞ ነው።»

«ሱቅህን ስትከፍት?»

ብረት ሠሪው ጥፋተኛ እንደተባለ ሰው ተቆጣ። «ሳላሟሽ? ምን ነካዎት እትዬ! የመጀመሪያው ዕቃ ሳይሸጥ ከዚህ ሱቅ ምስማር በውሰት አይወጣም። እናቴ ብትመጣ "ትንሽ ቆዪ" ነው የምላት። ቀኔ እንዲበላሽ ነው? የወሰደው ከምሳ በኋላ ነው፣ በደንብ ሸጬ ነበር።»

ቶማስ ወደ መኪናው ሲመለሱ አልገባውም ነበር። «በዚህ ብቻ ነው ዋሽቷል የሚሉት?»

«መርካቶ ውስጥ ሱቅ ሳያሟሽ ዕቃ የሚያውስ የለም። ሙሉብርሃን በኢንተርኔት ነው የሚሸጠው፤ ተኝቶም ይሸጥለታል። ማሟሻ ምን እንደሆነ ረስቶታል» አለች የሻሽወርቅ። «የላከው እሱ ነው። ላፕቶፑን ማን ወሰደለት የሚለው ነው የቀረን።»

መልሱ በርበሬ በረንዳ መግቢያ ላይ ጠበቃት። መሽቶ ሱቆች ሊዘጉ ሲሉ፣ አንድ ነጋዴ መንገድ ላይ ቆሞ ገዢ ይጠራል፦ «ኑ ወደዚህ! የዚያ ሰውዬ እርድ ቀለም ነው፣ እጃችሁን ቢጫ ያደርጋል!» ያ ሰውዬ የተባለው ከፊት ለፊት ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው። «የሱ ደግሞ አሸዋ ነው፣ ጥርሳችሁን ጠብቁ!» ብሎ መለሰለት። ገዢዋ ሴት ከሁለቱም ገዛች። ሦስቱም እየሳቁ ተለያዩ።

የሻሽወርቅ ቀጥ ብላ ፉርቃን ሱቅ ገባች።

«"የሌላው ለግድግዳ፣ የእኛ ለወጥ።" ይሄን ከዚህ በፊት ሰምተኸው ታውቃለህ።»

ፉርቃን የያዘውን ጆንያ አስቀመጠ። «እንዴት አልሰማ። የጋሽ ኪዳነወልድ ጥሪ ነው። አባቴ በሕይወት እያለ አባቴ ላይ፣ አሁን እኔ ላይ። እኔም "የርስዎ ከሰል ነው" እላቸዋለሁ። ስቀን አብረን ምሳ እንበላለን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ሰውዬው ስልክ እንኳ አንሥተው መዝጋት አይችሉም። ልጅቷ ቀልዳቸውን ወስዳ ማስታወቂያ አደረገችው ብዬ ነው የተናደድኩት። እሳቸው ሲሉት እኔ ፊት ለፊት ነኝ፣ ገዢውም ሳቃችንን ያያል። ሀዋሳ ያለው ሰው ሳቁን ከየት ያምጣው?»

ሽማግሌው ረቡዕ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ሲገቡ የሻሽወርቅ ሱቁ ውስጥ ጠበቀቻቸው። መቅደስ ከጥጓ ብድግ አለች።

«ኢንስፔክተር፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። እሳቸውን ተዉአቸው።»

«ምን ሆናችሁ?» አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ። የለቅሶ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን ሙሉብርሃን ጋ የወሰዱት እርስዎ ነዎት?»

ጋሽ ኪዳነወልድ ፊታቸው በራ። «ደረሰ እንዴ? ገበያ መጣ?»

መቅደስ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«በምን ወሰዱት?»

«በበርበሬ ማዳበሪያ ጠቅልዬ ነዋ፣ ሌባ እንዳያይብኝ። ክፍቱን ትታው ሄዳ ነበር።» ሽማግሌው የሚያስቡት ልጅቷን ደስ ማሰኘታቸውን ብቻ ነው። «አየሽ ልጄ፣ መቅዲ ነጋዴ ናት፣ ግን አትጠራም። ቁጭ ብላ የፈቀደላትን ሰው ብቻ ነው የምትጽፍለት። ገዢ ፈቃዱን ተጠይቆ ይጠራል እንዴ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማንን አስፈቅጄ ጠራሁ? "ከሁዳዴ በኋላ ካልተሻለኝ ዘግቼ ቢሮ እቀጠራለሁ" ስትል ሰማኋት። ሆዴ ተቃጠለ። ሙሉብርሃንን "ለሰው ሁሉ ጥራላት" አልኩት። "ምን ልበል?" አለኝ። ጥሪዬን ነገርኩት፣ እሱ ጻፈው። ላፕቶፑን ቦታው መልሼ ለቅሶ ሄድኩ።»

«ክልክል ነው አላለዎትም?»

«ምንም ችግር የለውም አለኝ። የሚከለክል ሕግ አለ እንዴ?»

የሻሽወርቅ ነገረቻቸው። ስለ ፉርቃን፣ ስለ ተዘጋው አካውንት፣ ስለ ፋይሉ ነገረቻቸው። መጨረሻ ላይ መቅደስ «እኔ ነኝ» ብላ መፈረሟን ስትነግራቸው ሽማግሌው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«እንዴት አወቅሽ የኔ መሆኑን?» አሉ ወደ ልጅቷ ዞረው።

«በጥሪዎት ነው ያደግሁት ጋሼ። ሳነበው ድምፅዎት ተሰማኝ።»

ማልቀስ የጀመሩት አጎትየው ናቸው። የሻሽወርቅ ወደ መደርደሪያው ዞራ የታሸገውን ሽሮ ስትቆጥር ቆየች።

ሙሉብርሃን በዚያው ቀን ተያዘ። መጀመሪያ ካደ። የሽማግሌው ቃል ሲነበብለት ትከሻው ወደቀ። ሕጉን አሳምሮ ያውቅ ነበር። የራሱን አድራሻ እንዳያዘጉበት በሷ አድራሻ ላከው፤ «አልፈልግም» የሚባልበትን ቦታ ደግሞ ሆን ብሎ ተወው። «በዚያ አድራሻ አልሠራም ብላ ትኮራብኝ ነበር» አለ። «እስቲ ንጹሕነቷ ያድናት እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።» የሻሽወርቅ ይሄን ቃል ራሷ በእጇ ጻፈችው።

ዓርብ ዕለት መቅደስና አጎቷ ጣቢያ መጡ። በመቅደስ ስም የተከፈተው ፋይል ተዘግቷል። የሙሉብርሃንና የጋሽ ኪዳነወልድ ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው፤ ሽማግሌው በገዛ ፈቃዳቸው ቃላቸውን ሰጥተዋል። የሻሽወርቅ ልጅቷ ነፃ መሆኗን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ለኢሜይል ድርጅቱ አስልካ ነበር። መቅደስ መልሱን ከስልኳ አሳየቻት። የመለሰው ማሽን ነው፤ ውሳኔው አይቀየርም ይላል።

«እናንተ ነፃ አላችሁኝ፣ እነሱ ዘንድ ግን ስፓም ላኪ ነኝ» አለች። «አዲስ አድራሻ ከፍቻለሁ። ደንበኞቼን አንድ በአንድ እየደወልኩ እንደገና አስፈቅዳለሁ። እስካሁን እሺ ያሉኝ ጥቂት ናቸው። ምናልባት ያዛልቀኝ ይሆናል፣ ምናልባትም አያዛልቀኝ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆይተው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እነዚያን ሠላሳ ሺህ ሰዎች ይቅርታ ልጠይቃቸው። የፉርቃን በርበሬ ንጹሕ ነው፣ የሸመገለ ሰው ቀልድ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ላስጽፍላቸው።»

ቶማስ አለቃውን አያት።

«አይሆንም ጋሼ» አለች የሻሽወርቅ። «ሰዎቹ ጻፉልን አላሉም። ይቅርታ ቢሆንም ያው ያልፈለጉት መልዕክት ነው። የልጅቷን አዲሱንም አድራሻ ያዘጋባታል።»

«ታዲያ እንዲያ እንዳመኑ ይቀራሉ?»

የመለሰችላቸው መቅደስ ናት፤ ቁጣ የለባትም። «ይቀራሉ ጋሼ።»

«እንግዲያው ፉርቃን ጋ ውሰዱኝ» አሉ።

የሻሽወርቅ በመኪናዋ ወሰደቻቸው። ፉርቃን ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ፤ ሽማግሌው ሊጎነበሱ ሲሉ ትከሻቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው። «ለኔ ነው የሚጎነበሱት? አላህ ይቅር ይበለን ጋሼ፣ እኔም ሱቅዎ ላይ ጆንያ ቆልያለሁ» አላቸው። ወንበር ሰጣቸው፣ ሻይ አዘዘላቸው። ጋሽ ኪዳነወልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ስልኩ ጠራ። ፉርቃን አነሣው። «አቤት፣ ጅማ? አዎ፣ ፉርቃን ነኝ... የምን ሸክላ?» አለና ሽማግሌውን አየ። እንዳይሰሙ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ ውጭ ወጣ።